የእህቴን ዶሮዎች ማን ገደላቸው?

እትዬ ስልክ ደውላ ሰላምታውን ካሳጠረች አንድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት አንድ ማለዳ የደወለችልኝ እንደዚያ ነበር። «ደህና አደርሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ «እነዚያ ያመጣሽልኝ ዶሮዎች ጉድ አፈሉብኝ» ብላ ጀመረች። የሞቱ መስሎኝ ደነገጥኩ። «እነሱማ ምን ይሆናሉ? እህላቸውን እየለቀሙ ነው። ያለቁት የእኔዎቹ ናቸው!»

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ምንጃር፣ ከአረርቲ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። እኔ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቢሾፍቱ ልጄ ቤት ነኝ። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነልኝም። የልጅ ልጆቼ እንቁላል ከራሳቸው ግቢ እንዲለቅሙ ብዬ የ45 ቀን ጫጩቶች ገዝቼ ጓሮ ውስጥ አሳደግኩ። ክትባታቸውን አንድም ቀን አላሳለፍኩም፤ የሠላሳ ዓመት ልማድ ነውና ካርድ ሳይቀር አውጥቼላቸው ነበር፤ ልጄ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ለእንቁላል ከደረሱት ውስጥ 6 ቄቦች መርጬ ነው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለእትዬ በስጦታ ይዤላት የሄድኩት።

በዘጠነኛው ቀን የእሷ የሐበሻ ዶሮዎች መታመም ጀመሩ። መጀመሪያ ኩርምት ብለው ክንፋቸውን ጣሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ያቃስቱ ጀመር። ከዚያ አረንጓዴ ተቅማጥ ያዛቸው። ያልሞቱት አንገታቸው ተጠማዞ ወደ ኋላ እየዞሩ ይወድቁ ነበር። አንዷ እንቁላሏን እንደታቀፈች ሞታ ተገኘች። እትዬ ከነበሯት 17 ዶሮዎች በ6 ቀን ውስጥ 14ቱ አለቁ። ከእኔ 6 ቄቦች አንዷም አላስነጠሰችም።

ይህን በሽታ የገጠር ሰው ፈንግል ይለዋል። ስሙ መፈንገል፣ ማለትም ገልብጦ መጣል ከሚለው የመጣ ይመስለኛል፤ ያየው ሰው ለምን እንደተባለ አይጠይቅም። በሳይንሱ ዓለም ደግሞ ኒውካስል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በሽታው እንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አካባቢ በመታየቱ የወጣለት ስም ነው።

መንደርተኛው ፍርዱን ወዲያው ሰጠ። «የከተማ ዶሮ በሽታውን በመርፌ ወስዳለች። እሷ አትሞትም፣ ሌላውን ትጨርሳለች» አሉ። እትዬም ይህንኑ በስልክ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ «ክትባቱ ልጄን አሳመመብኝ» ሲሉኝ እናቶችን በትዕግሥት ሳስረዳ የኖርኩ ሴት፣ ለገዛ እህቴ ትዕግሥት አጣሁ። «ክትባት በሽታ አያመጣም! ስንት ዓመት ልንገርሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ስልኩ ተዘጋ። ማን እንደዘጋው አሁን አላስታውስም።

ሁለት ሳምንት አልተደዋወልንም። ዶሮ ነው ብሎ የሚያቃልል ሰው ገጠር አልኖረም። የ14 ዶሮ እንቁላል ማለት ሳሙና፣ ጨው፣ የላምባ ዋጋ፣ እትዬ የምታሳድጋቸው የሁለት የልጅ ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ማለት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንንም ሳትጠይቅ እጇ የምታስገባው ብቸኛ ገንዘብ እሱ ነበር።

የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የምትሠራውም እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። ቤቷ ሄጄ ቡና እየጠጣን ነገሩን አጫወትኳት። የመንደሩን ሰው ሐሜት ስነግራት ፈገግ አለች። «ሲስተር፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ የመንደሩ ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ተቀየምኳት። ግን አዳመጥኩ።

ክትባቱ ዶሮዎቹን አልገደላቸውም፤ ይህን በርግጠኝነት ነገረችኝ። ነገር ግን ለፈንግል የምንሰጠው ክትባት ዶሮዋን ከሞት ያድናታል እንጂ ቫይረሱ ወደ ሰውነቷ እንዳይገባ ሙሉ በሙሉ አያግደውም። የተከተበች ዶሮ ገዳዩን ቫይረስ ከገበያ፣ ከመኪና፣ ከሰው ጫማ ብታነሳ ራሷ ደህና ሆና እየዋለች ለተወሰኑ ቀናት በኩሷና በትንፋሿ ልታወጣው ትችላለች። አጠገቧ ያለች ያልተከተበች ዶሮ ግን ትሞታለች። የእኔ ቄቦች ያንን አድርገው ይሆናል፤ ላያደርጉም ይችላሉ።

«ታዲያ ይሄ ምን ክትባት ነው?» አልኳት። እሷም የክትባቱን የትውልድ ሐረግ ነገረችኝ። እኔን የገረመኝ እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን በሰፊው ከሚሰጡት የፈንግል ክትባቶች አንዱ ላሶታ ይባላል። ላሶታ የመድኃኒት ስም ይመስለኝ ነበር። ለካ ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1946 የተገኘበት፣ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ የነበረ የአንድ ዶሮ አርቢ ቤተሰብ ስም ነው! የሰውየው ዶሮዎች ላይ የተገኘ ለስላሳ ቫይረስ ነው ዛሬ በዓለም ዙሪያ፣ የእኔን ግቢ ጨምሮ፣ በዶሮ ዓይንና በመጠጥ ውኃ የሚሰጠው።

ይህ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። ለልጆቻችን የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባትም መነሻው እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን አካባቢ ኩፍኝ ከያዘው ዴቪድ ኤድመንስተን ከሚባል ተማሪ የተወሰደ ቫይረስ ነው። የዚያ ልጅ ቫይረስ ተለሳልሶ የእኛን አገር ሕፃን ከኩፍኝ ያድናል። የፈንግል ቫይረስና የኩፍኝ ቫይረስ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ይህን ስትነግረኝ ጭንቅላቴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ስታገለው የኖርኩት የኩፍኝ ዘመድ ጓሮዬ ድረስ ተከትሎኝ መጣ ማለት ነው።

በሁለቱም ዘንድ አንድ መልካም ነገር አለ። ቫይረሱ ከየትም አገር ይምጣ፣ ሰውነት በአንዱ ከተለማመደ ሌላውንም ያውቀዋል። ስለዚህ የኒው ጀርሲ ቫይረስ የምንጃርን ዶሮ ከሞት ሊያድን ይችላል። ሆኖም የፈንግል ቫይረስ በጊዜ ብዛት በብዙ የዘር ቡድኖች ተከፋፍሏል። ላሶታ የሚመደበው ሁለተኛ በሚባለው ቡድን ነው። እኛ አገር ተመራማሪዎች ከዶሮ ገበያዎች በወሰዱት ናሙና ያገኙት ገዳይ ቫይረስ ግን ከስድስተኛው ቡድን ነበር። በብዙ ሙከራዎች እንደታየው ክትባቱ የተሠራበት ቫይረስ በአካባቢው ካለው ጋር በዘር ሲቀራረብ፣ የተከተበችው ዶሮ ከሞት መዳን ብቻ ሳይሆን ወደ ሌላው የምታወጣው ቫይረስም ይቀንሳል። ቻይና ውስጥ እዚያው ከሚዘዋወረው ከሰባተኛው ቡድን የተሠራ ክትባት ሥራ ላይ ውሏል።

እንግዲህ የአገር ቫይረስ የምንለው ነገር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ለእኔ ዶሮ ላሶታም ይበቃታል። የሚተርፈው ጥቅም ለጎረቤቷ ዶሮ፣ ለእትዬ ዶሮ ነው።

«ታዲያ ከእኛው ቫይረስ ለምን አይሠራም?» አልኳት። መልስ ከመስጠቷ በፊት እሷው ጠየቀችኝ። «የሞቱትን ዶሮዎች የት አደረጓቸው?»

«ገደል ጣሏቸው መሰለኝ። ሌላ የት ይደረጋል?»

ቡናዋን አስቀመጠች። «መነሻው እኮ እነሱ ነበሩ፣ ሲስተር።»

ይህን ስትለኝ ፊቴ ጋለ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍኩት ክትባት ላይ ነው። ፖሊዮን ለማጥፋት ዘመቻ ላይ በነበርንበት ጊዜ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ከተልፈሰፈሰ፣ ሽባነቱ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ቢያንስ የ24 ሰዓት ልዩነት ባላቸው ሁለት ቀናት ሰገራውን እንወስዳለን። በበረዶ ሣጥን አሽገን ወደ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ እንልካለን። አንድ ጊዜ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ረዳቱ «ሲስተር፣ ከዚያ ምሳ ለእኛም ያካፍሉና» ብሎኝ ነበር። ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ለዛሬው ይቅርብህ» አልኩት። ይህ ሁሉ ድካም የነበረው ልጁን ለማዳን አይደለም፤ ሽባነቱን መመለስ አይቻልም። ቫይረሱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ቀጣዩን ልጅ እንዴት እንደምናድን ለማወቅ ነው።

እንዲህ ስሠራ የኖርኩ ሴት 14 ዶሮ ሲሞት አንዷን እንኳ አስመርምሩ ለማለት አላሰብኩም። ስልክ ላይ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ስከራከር ማስረጃው ገደል ገባ፣ ጅብ በላው።

ሐኪሟ ሌላ ነገርም አስታወሰችኝ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን ነው። «በዚያ ሰሞን ወደ ግቢያቸው የገባ ሌላ ዶሮ አልነበረም?» አለችኝ። ወደ እትዬ መደወል ነበረብኝ። ደወልኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ከዚያ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየችና እውነቱን አወጣችው። እኔ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ልጇ ለገበያ ወስዷቸው ገዢ ያጡ ሁለት አውራ ዶሮዎችን ከአረርቲ መልሶ አምጥቶ ነበር፤ በዓሉ ስላለፈ ዋጋው ወድቆ። ከዚያም አልፎ የታችኛዋ ጎረቤቷ ዶሮዎች «ነገር ዓለማቸው አላማረም» ተብሎ ቶሎ ቶሎ የተሸጡት በዚያው ሳምንት ነው።

ተጠርጣሪው ሦስት፣ ማስረጃው ባዶ። የእኔ ቄቦች፣ የገበያ አውራዎች ወይም የጎረቤት ዶሮዎች። ዛሬም አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ለመሆኑ ያቺ የሞተች ዶሮ ወደ ላቦራቶሪ ብትሄድ ኖሮ ምን ይደረግባት ነበር? ይህን ሐኪሟን ሦስት ጊዜ አስደግሜያታለሁ። ከአንጎሏ፣ ከትንፋሽ ቧንቧዋና ከአንጀቷ ትንሽ ትንሽ ይወሰዳል። ተጣርቶም ከ9 እስከ 11 ቀን የታቀፈ፣ ጽንስ ያለበት እንቁላል ውስጥ ይገባል። ቫይረሱ የሚራባው እዚያ ነው፤ እናቶቻችን እንቁላል ጫጩት ይዞ እንደሆነ በፀሐይ ብርሃን ያዩት እንደነበረው ላቦራቶሪውም በየጊዜው በመብራት ያየዋል። ጽንሱ ከ60 ሰዓት በፊት ከሞተ ቫይረሱ ገዳይ ነው። ከ90 ሰዓት በላይ ከቆየ ለስላሳ ነው። ከዚያ የእንቁላሉ ፈሳሽ ከዶሮ ቀይ የደም ሴል ጋር ሲደባለቅ ደሙን ያያይዘዋል፤ ይህ አንዱ መለያ ነው። በመጨረሻም የዘር ጽሑፉ ይነበባል፣ የየትኛው ቡድን እንደሆነ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ከአገር የተገኘ ገዳይ ቫይረስ እንዳለ ክትባት አይሆንም። ወይ በተፈጥሮው ለስላሳ የሆነ ዘመዱ ይፈለጋል፤ ወይ እንቁላል ውስጥ እየደጋገሙ በማሳለፍ ኃይሉ እንዲደክም ይደረጋል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሕንድ ሙክቴስዋር ላይ የአገሩን ቫይረስ በዚህ መንገድ አድክመው ክትባት ሠርተውበታል። ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የቫይረሱን ዘር በላቦራቶሪ ውስጥ መልሶ መገንባት ስለተቻለ፣ ገዳይ የሚያደርገውን አንድ ቦታ ብቻ ለይቶ መቀየር ይቻላል። ከብቶቻችንን ይፈጅ የነበረው ደስታ የሚባለው በሽታ ከዓለም የጠፋውም ኬንያ ውስጥ ከታመመ ከብት የተወሰደ ቫይረስ ወደ 90 ጊዜ ያህል በሕዋስ ውስጥ ተመላልሶ በተሠራ ክትባት ነው። ክፉ ቀን የምንለውን ረሃብ ያመጣው ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ጠፋ ተብሎ ሲታወጅ እኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ያን ዕለት ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር አብሬ አለመደሰቴ ይቆጨኛል።

የለሰለሰው ቫይረስ ተመልሶ ገዳይ እንዳይሆን ከዶሮ ወደ ዶሮ እየተላለፈ ይፈተናል። የተከተቡ ዶሮዎች ገዳዩን ቫይረስ ሆን ተብሎ ይሰጣቸዋል፤ ስንቱ እንደሚተርፍ፣ የተረፈውም ምን ያህል ቫይረስ እንደሚያወጣ ይለካል። ይህ ፍተሻ ለታይታ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ለዓመታት ማንንም ሳይጎዳ በዶሮዎች መካከል ይዘዋወር የነበረ የአገሩ ለስላሳ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1998 በራሱ ጊዜ ተለውጦ ገዳይ ሆኗል፤ እስከ 2002 ድረስም ወረርሽኝ አስነስቷል። የአገር ልጅ ስለሆነ ብቻ ቫይረስ አይታመንም።

ደግሞ የዚያችው አውስትራሊያ ሌላ ለስላሳ ቫይረስ ነው ለገጠሩ ዶሮ የተሻለውን ስጦታ የሰጠው። ፒተር ስፕራድብሮው የተባሉ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአገራቸው ከተገኙ 45 ለስላሳ ቫይረሶች መካከል ሙቀት የሚችለውን መረጡ፣ የመረጡትንም በሙቀት ይበልጥ አጠነከሩት። አይ-ቱ ይባላል። በትክክል ደርቆ የተዘጋጀ አይ-ቱ በጨለማ ከተቀመጠ በ28 ዲግሪ ሙቀት እስከ 8 ሳምንት ይቆያል። የክትባቱን ዘር ለድሃ አገሮች በነፃ ሰጡ። እዚሁ ቢሾፍቱ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩታችንም ከላሶታ ጎን አይ-ቱን ያመርታል። በየቀኑ በባጃጅ የማልፈው አጥር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።

ቅዝቃዜ የሚፈልግ ክትባት ይዞ ገጠር የተጓዘ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በልጆች ክትባት ብልቃጥ ላይ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ምልክት አለ፤ ጠቆረ ከሆነ እንጥለዋለን። እኔ በገዛሁት የዶሮ ክትባት ላይ ያንን ምልክት አላየሁም። ከሱቅ እስከ ቤት ፀሐይ የመታው ላሶታ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ዶሮዋም ተከተበች ተብሎ ትሞታለች፣ ሰውም «የፈረንጅ ክትባት ለእኛ በሽታ አይሆንም» ይላል። ሐኪሟ እንደምትለው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቫይረሱ ዘር ሳይሆን አያያዙ ነው። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውኃ ራሱ ክትባቱን ይገድለዋል። ይህን ስትነግረኝ የቧንቧ ውኃ ስንት ጊዜ እንደተጠቀምኩ ቆጥሬ ዝም አልኩ።

ነገሩ በሁሉም በሽታ ላይ እንደ ፈንግል አይደለም። ጉምቦሮ የሚባለውን ዶሮ አርቢዎች ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ የጫጩቷን የመከላከያ ኃይል የሚያጠፋ ነው። ስሙ የመጣው አሜሪካ ዴላዌር ግዛት ውስጥ ካለች መንደር ነው። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2002 እዚሁ ቢሾፍቱ ወረርሽኙ ታይቷል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚያው በዴላዌር አካባቢ ቫይረሱ ተለውጦ የተከተቡትን ጫጩቶች ማጥቃት ጀመረ፤ ያኔ ከተለወጠው ከአካባቢው ቫይረስ አዲስ ክትባት መሥራት ግድ ሆነ። እዚህ ላይ የአገር ቫይረስ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። ወላጆች በየዓመቱ ስለሚለወጠው የሰው ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሰምታችሁ ከሆነ ነገሩ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል።

ወላጆችና አያቶች ስለሆናችሁ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። የፈንግል ቫይረስ በሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከባድ ሕመም አያስከትልም፤ ግን የታመመች ዶሮ ያገላበጠ ሰው ዓይኑ ሊቀላና ሊያብጥ ይችላል። ልጆች የታመመች ጫጩት አቅፈው ማስታመም ይወዳሉ፤ የእኔዋ የልጅ ልጅ በሻርፕ ጠቅልላ አልጋ ውስጥ ያስገባች ጊዜ አለ። ከልክሏቸው፣ እጃቸውንም በሳሙና አስታጥቡ። የታመመችውን አርዶ መብላትና ቶሎ ሸጦ መገላገል የተለመደ ነው፤ ግን በሽታው ከመንደር መንደር የሚሄደው በዚያ ነው። ዶሮ በተከታታይ ከሞተ አንዷን በእጃችሁ ሳትነኩ በሁለት ፌስታል ቋጥራችሁ፣ በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ቦታ አድርጋችሁ በዚያው ቀን ቅርብ ላለው የእንስሳት ክሊኒክ አድርሱ። ከዚያ ወደ ክልሉ ላቦራቶሪ፣ አልፎም ወደ ሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት መላክ የእነሱ ሥራ ነው። ሌሎቹን ቅበሩ፤ ገደል አትጣሉ።

በመጋቢት አይ-ቱ ገዝቼ ምንጃር ወረድኩ። ፈንግል የሚበረታው ወደ ክረምቱ መግቢያ ስለሆነ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፤ ከተከተበች በኋላም መከላከያው እስኪዳብር እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ብልቃጧ ትንሽ ብትሆንም ለእትዬ ዶሮዎች ብቻ በጣም ትበዛ ነበር፤ ከተበጠበጠች ደግሞ በዚያው ቀን ማለቅ አለባት። ስለዚህ ጎረቤት መጥራት ግድ ሆነ። የጠራነው ያንኑ «የከተማ ዶሮ» ብሎ ያማኝን ጎረቤት ነው። እትዬ ቡና አፈላች፤ ለሐሜተኞቿም ቀዳችላቸው።

ዶሮ የሚያዘው ቆጥ ላይ ስትወጣ ነው። ሲመሽ የስልክ መብራት ይዘን ገባን። እትዬ ታቅፍልኛለች፣ እኔ በአንድ ዓይኗ አንድ ጠብታ አደርጋለሁ፣ ጠብታው እስኪገባ ትንሽ እንቆያለን፣ ቀጣይዋን። ለሕፃን የፖሊዮ ጠብታ እንደመስጠት ነው፤ ልዩነቱ ሕፃኑ አይቧጭርም። ከየቤቱ በቅርጫት የመጡትም ተራ በተራ ተንጠባጠበላቸው። አንድ አዛውንት ብቻ «የእኔዎቹን እግዜር ይጠብቃቸዋል» ብለው ዶሮዎቻቸውን አላመጡም። አልተከራከርኳቸውም፤ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። በአራት ወሩ እንደገና እንደምመለስ ለሁሉም ነገርኳቸው።

እትዬ ከተረፉላት 3 የሐበሻ ዶሮዎች፣ ከእኔ 6 ቄቦችና ከፈለፈለቻቸው ጋር 12 ደርሰውላታል። አሥራ አንዱን አዳረስን። አንዷ፣ ከሐበሾቹ አንዷ፣ ስንገባ በመብራቱ ደንግጣ በበሩ ሾልካ ግራሩ ላይ ወጣች። እትዬ በዱላ ብታንኳኳ፣ እህል ብትበትን አልወረደችም። «ተያት፣ ነገ ማለዳ እይዛታለሁ» አለችኝ። ማለዳ ስነሳ ዶሮዋ ማሳው ጫፍ ላይ እየጫረች ነበር፤ የተበጠበጠው መድኃኒት ደግሞ ማታውኑ ተደፍቷል።